ታጥቦ የሚመለስ ፔርሙስ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ይህን ደብተር የገዛሁት ለአምዴ ረቂቅ ነበር። አሁን ግን ለአምዱ የማይሆነውን ልጽፍበት ነው። መጽሔቱ ላይ የምጽፈው ሁሉም እንዲያነበው ነው፤ ይህን ማንም እንዳያነበው።

ስመኘው ዛሬ ኩፓ፣ ጤና ጣቢያችን፣ ሄዶ ሐኪሙን አይቶ መጣ። ደም ግፊቱ አልወረደም። መቶ ስልሳ በዘጠና አምስት። ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረለት፤ እሱም እንደ ልማዱ «ደህና ነኝ» አለኝ። ባሌ ቤቱ ቢቃጠል «ትንሽ ሞቅ ብሏል» የሚል ሰው ነው። አባቱም «ደህና ነኝ» እያሉ ነው በዚሁ በሽታ የሄዱት፤ አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። እኔ ያንን ደግሜ አላይም።

ክኒኑን ሐኪሙ ይስጥ፤ ሻዩን እኔ እሰጣለሁ። በየወሩ «ክዳኑን ክደኑት» በሚለው አምዴ እስራኤል ላለው ሐበሻ ሁሉ ስለ ቅጠልና ስለ ሥር ሻይ የምመክር ሴት፣ የራሴን ባል ግፊት ማውረድ ካቃተኝ ብዕሬን ልስበረው።

ከነገ ጀምሮ ሁለት ፔርሙስ። ሰማያዊው የሱ፣ ቀዩ የአያለች። አያለች ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ ፋብሪካ ከስመኘው ጋር በአንድ ማሸጊያ መስመር ይሠራሉ፤ በአንድ አውቶቡስ ሄደው በአንድ ይመለሳሉ። ከእናቴ ልጅ ይልቅ የምቀርባት እሷን ነው። ለሱ እያፈላሁ ለሷ አለመላክ አይሆንልኝም።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ቸኩያለሁ፤ አውቶቡሳቸው ሊደርስ ነው። የዛሬው ጦስኝ፣ ናና፣ ትንሽ ቀረፋ።

ለሚቀጥለው አምድ እንዳልረሳው፦ ቅጠል አይቀቀልም። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ይውረድ፣ ትንሽ ይተንፍስ፣ ከዚያ ቅጠሉ ላይ ይፍሰስና ወዲያው ይከደን። ሳይከደን የቀረ ሻይ ሽታው ለጣሪያው፣ ውሃው ለጠጪው ነው።

ሰማያዊው ፔርሙስ ትናንት ሲመለስ ቅጠሉ ከታች ተለጥፎ ነበር። ስመኘው በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር አንድ ስኒ አጥቦ አያውቅም። ጠብታ ግን አላስተረፈም።


ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ሻባት ሳይገባ ልጻፍ። ድስቱ ተጥዷል፤ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ ነው።

ትናንት «ሻዩ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጥሩ ነው» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ትንሽ ይመራል እንጂ።» ስመኘው ስለሚጠጣ ነገር ክፉ ሲናገር የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። በልጅነቱ በሱዳን በኩል በእግሩ ነው የመጣው። ስለዚያ መንገድ ጠይቁት፣ ስለ ሽፍታው አያወራ፣ ስለ ሞተው አያወራ፤ ስለ ጥሙ ብቻ ነው የሚያወራ። ዛሬም ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይዘጋዋል። የሰው ብርጭቆ ውስጥ የተረፈ ውሃ ካየ ተክል ፈልጎ ያጠጣበታል። በዘጠና አንድ በአውሮፕላን የመጣሁትን እኔን ግን «ሰማይ ላይ ሳንድዊች የበላች» ይለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ይመራል ካለ በእርግጥ መርሮታል ማለት ነው። በሦስት ማንኪያ ስኳር ለምዶ ስኳሩን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ወርጄ ቅመም ሻጩን «ስኳር ሳይገባ የሚጣፍጥ ምን አለህ?» አልኩት። ሹሽ የሚሉትን ሥር አወጣልኝ። ስንጥር እንጨት ይመስላል፤ ውስጡ ቢጫ። አንዱን ሰበርኩና አኘክሁት፤ ከማር ይብሳል። «ትንሽ ብቻ፣ ጊቬሬት፣ ትንሽ» አለኝ ሻጩ። ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን ሲያስወድድ እንዲህ ነው የሚለው። አንድ ከረጢት ገዛሁ።

ስመኘው ቀመሰና ፊቱ በራ። «ይኼማ ሻይ ነው» አለ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር የምግብ ነገር ሲያመሰግን ለሁለተኛ ጊዜ መስማቴ ነው። የመጀመሪያው በሠርጋችን ቀን ነበር፤ ያኔም ያመሰገነው የእናቴን እጅ ነው።


ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ስለ ሹሹ የጻፍሁት አምድ ከወጣ ቀናት ሆኖታል። የመጽሔቱ አዘጋጅ አቶ ቢረሳው ጠዋት ደውሎ፣ «ወይዘሮ ሙሉሽ፣ ከአሽዶድ እስከ ሐዴራ ሹሽ ጠፋ እያሉ ነው። ምን አድርገሽ ነው የጻፍሽው?» አለኝ። ያልጣፈጠ ነገር ጽፌ አላውቅም አልኩት። ሳቀ። እኔም ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። አንዲት የነቲቮት ከተማ ሴትዮ ደግሞ ደውላ እናቷ «ከመድኃኒቱ የሙሉሽ ሻይ ይሻለኛል» እንዳሉ ነገረችኝ። ኮራሁ፤ ምን አባቴ ልዋሽ።

ስመኘው ግን ባቱን ያዘው። እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አላስቀምጥ አላስቆም አለው፤ በቅባት አሸሁለት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጡንቻው ደከመ። ሹሹን ጨመር አደረግሁ። ሥር እንደ ቅጠል አይደለም፤ ተቀጥቅጦ፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ በቀስታ እሳት ይቀቀላል። ፊት ጣቴን ያህል ነበር የማደርገው፤ አሁን እፍኝ ነው።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

መቶ ሰባ አምስት።

ልጄ ሊያት ከምትኖርበት ከካርሜ ጋት ባመጣችልን የግፊት መለኪያ ነው የለካሁት። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ልጄ መለኪያውን ስታመጣ «ኢማ፣ ክኒኑን በደንብ ይውሰድ፣ ከሻዩ ይልቅ» ብላ ነበር። ከሻዩ ይልቅ። ጡት ያጠባኋት ልጅ።

ጨው ነው። ፋብሪካው የሚሰጣቸው ምሳ ጨው ብቻ ነው። ወይ ንዴት ነው፤ አዲሱ የፈረቃ አለቃቸው ያናድደዋል። ጨው ከቤት አወጣሁ። ሻዩን አጠነከርኩት።


ማክሰኞ፣ ማርች 4

አያለች ቀዩን ፔርሙስ ልትመልስ መጥታ ኩሽናው በር ላይ ቆመች፤ አትገባ፣ አትወጣ።

«ሙልዬ፣ አንቺስ ይኼን ነገር ትጠጪዋለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ምን ያደርግልኛል? ግፊት የለብኝ።»

«ለጥቂት ቀን ብታሳርፊውሳ?»

«ሻዩን ነው ወይስ ስመኘውን?»

«ሁለቱንም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «ሰውዬው ፊቱ አበጥ ያለ መሰለኝ፣ እህቴ» አለችኝ።

ፊቱ አብጧል? እኔ በየቀኑ የማየውን ፊት እሷ ትነግረኛለች። ነገሩ ገብቶኛል። ስሜ በአገሩ ሲጠራ ደስ አላላትም። ጎረቤት ምቀኝነቱን በሳቅ ጠቅልሎ ነው የሚያቀብል።

ይህን ጽፌ አፈርኩ። ሊያትን ስወልድ ምጡ ሲይዘኝ እጄን ይዛ ያደረችው አያለች ናት። እስከ ዛሬ «ጣቴን የሰበርሽኝ አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ምን ነክቶኝ ነው?


ሰኞ፣ ማርች 10

ስመኘው አምሽቶ መጣ። ሻኦት ኖሳፎት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነበረን አለ። አያለችም አብራው፣ የሱን ቦርሳ ተሸክማ። ደህና ዋልሽም ሳትለኝ ወደ ላይ ወጣች። መልኩ ወረቀት መስሏል። የክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። «ምንድን ነው?» ብለው፣ «ካርቶን ቆረጠኝ» አለ።

ፔርሙሱን ከቦርሳው ሳወጣ ታጥቧል። ጥርት ብሎ፣ ክዳኑ ሳይቀር። ደስ ብሎኝ ጥጡንም ካርቶኑንም ረሳሁት።


እሑድ፣ ማርች 16

መቶ አርባ ስምንት።

ፑሪም፣ የፌሽታው በዓል፣ ለኔ ዛሬ ነው። ፔርሙሱ በየቀኑ ታጥቦ ይመጣል። በሳሙና ስለሚያጥበው የሻዩ ሽታ እንኳ አይቀርበትም። ሰው በሃምሳ ዓመቱ ይለወጣል ብል ማን ያምነኛል? ለአያለች ነገርኳት። «እ» አለችና ቀዩን ፔርሙስ ሰጠችኝ። የሷም ታጥቧል። እሷስ ድሮም ታጥባለች።


ማክሰኞ፣ ማርች 25

መቶ ሠላሳ ስድስት። ባቱም ተወው። ፊቱም ቀጠነ፤ አብጦ ነበር ማለት ነው እንዴ?

ለፋሲካ እትም አምዴን ጻፍሁ። ርእሱ «ባሌ ምስክሬ ነው»። ስንት እንደነበር፣ ስንት እንደሆነ፣ ሹሹ እንዴት እንደሚቀጠቀጥ፣ እንዴት እንደሚከደን፣ ሁሉንም። ለቢረሳው ላክሁለት፤ «ይኼማ የፊት ገጽ ነው» አለኝ።

ለስመኘው አነበብሁለት። «ያንቺ እጅ ነው» አለኝ። ይህን ሲል ግን በመስኮቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ነበር የሚያየው፤ እዚያ ማንም አልነበረም።


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ፋብሪካው ዘንድሮ ለበዓል ምንም አልሰጠንም አለኝ ስመኘው። አምና የድስት ስብስብ ነበር። ትንሽ ከፋኝ፤ ዕቃ አጥቼ አይደለም። የገበያ አዳራሹ መስኮት ላይ የመስታወት ማንቆርቆሪያ አለ፤ ወንፊቱ ከውስጡ፣ ቅጠሉ ሲፈታ ከውጭ የሚታይ። ባለፍን ቁጥር ለስመኘው አሳየዋለሁ። «እሺ» ይላል። የሱ እሺ ግን ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።


ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

ኖጋ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ለበዓል ጽዳት ልታግዘኝ መጣች። ከሠራዊት ከወጣች ወዲህ እነስመኘው ፋብሪካ ለጥቂት ወራት ገብታለች። መስኮት እየወለወለች ወሬ ታወርዳለች፤ ግማሹ ዕብራይስጥ፣ ግማሹ አማርኛ።

«ዶድ ስመኘው እኮ ሐሙድ ነው» አለችኝ፤ አጎቴ የሚወደድ ሰው ነው ማለቷ ነው። «ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ለአያለች ሻይ ሰጣት። እሷ ደግሞ አለቀሰች።»

«በየቀኑ የምልክላት ሻይ ያን ዕለት ምን አስለቀሳት?» አልኳት።

ኖጋ ጨርቁን ይዛ አየችኝ፤ ቀልድ ያመለጣት መስላ ሳቀች። ከዚያ፣ «ዶዳ፣ ቴ አለ?» አለችኝ። በናና አፈላሁላት።

አያለች ምን ሆና ይሆን? ሆደ ባሻ አልነበረችም።


እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ቴ።

መደርደሪያውን እያጠብሁ ድንገት እጄ ቆመ። ኖጋ እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ ሻይን «ቴ» እንጂ «ሻይ» ብላ አታውቅም። በዕብራይስጥ ሻይ ማለት ስጦታ ነው።

ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እናቴ እዚህ አገር በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ የምታጸዳበት መሥሪያ ቤት «ለበዓል ሻይ እንሰጣለን» ሲሏት ከቤት ኩባያዋን ይዛ ሄዳ ተሰለፈች። ፎጣ ሰጧት። ፎጣውን ኩባያው ውስጥ ጠቅጥቃ ተመለሰች። ይህን ታሪክ በአምዴ ስንት ጊዜ አስቄበታለሁ፤ አሁን ተራው የኔ ሆነ።

ኖጋ ዘንድ ደወልሁ። «ያ ለአያለች የሰጣት ሻይ ምንድን ነበር?»

«የበዓሉ ሻይ። ለሁላችን ሰጡን እኮ። የመስታወት ማንቆርቆሪያ፣ ከውስጡ ወንፊት ያለው። ዶድ ያንቺን አላሳየሽም?»

አሳይቶኛል አልኳት።


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ደረጃው ላይ ድምፅ ሰማሁ። ከሥራ ገና መግባታቸው ነው።

«ሙሉሽ ስታውቅ ትሞታለች» አያለች ናት።

«ከበዓሉ በኋላ እነግራታለሁ» ባሌ።

«ከበዓሉ በኋላ፣ ከበዓሉ በኋላ። እኔ እኮ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

ከረጢቱን ይዤ ተመልሼ ገባሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ እኔ የሰረቅሁ ይመስል።

አንድ አውቶቡስ። አንድ መስመር። ቦርሳውን ተሸክማ መምጣቷ። ፔርሙሱን ያጠበችው እሷ ናት፤ ስመኘው ማጠብ ከየት ያውቃል? እኔ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የማፈላውን፣ ለሁለቱ እኩል እየቀዳሁ። ለሁለቱ። በገዛ እጄ።

ራት አቀረብሁለት። «ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ከሱ ተምሬ።


ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ወጣሁ። አያለች ለበዓል ጽዳት ከሥራ ቀርታለች፤ በሩ ክፍት፣ እሷ ምድጃው ሥር ተንበርክካለች። ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሪባኑ እንኳ አልተፈታም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«አንቺና ባሌ።»

ስፖንጁ ከእጇ ወደቀ። አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። «አንቺ ሴት፣ እኔ ስመኘውን ምን ላደርገው? የራሴን አንኮራፊ ቀብሬ ገና አሁን እንቅልፍ ማግኘቴ ነው።»

«ማንቆርቆሪያዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ተቀመጪ አለችኝ፤ አልተቀመጥሁም። ቆሜ ነው የሰማሁት።

ያ የትርፍ ሰዓት ያለኝ ቀን ትርፍ ሰዓት አልነበረም። ስመኘው ካርቶን እንደያዘ መስመሩ ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። በአምቡላንስ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት፤ አያለች አብራው ሄደች። ደም ቀዱለት። አንዲት ሐኪም ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠጣ ስትጠይቀው «ውሃ» አለ። አያለች ግን ሰማያዊውን ፔርሙስ ከቦርሳው አውጥታ ሰጠቻት። ሐኪሟ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ሹሽ አለበት ወይ አለችኝ» አለች አያለች። «አዎ፣ ብዙ አልኳት። ይኼ ሥር ግፊት ያስነሣል አለች። ክኒኑን ይዋጋል። ከደም ውስጥ የሆነ ማዕድን አጥቦ ያወጣል፤ የባቱም ሕመም ከዚያ ነው። ልቡ ሳይቆም በመምጣቱ እግዜር ይመስገን አለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስማለኝ፣ ሙልዬ። አልጋው ላይ ተኝቶ እጄን ይዞ። ‹እኔ ልገድለው ነበር ብላ ብዕሯን ትጥላለች› አለኝ።»

«ሻዬንስ? በየቀኑ የምልክለትን?»

ስፖንጁን ከወለሉ አነሣች።

«አያለች።»

«መታጠቢያው ላይ ይደፋዋል። ከዚያ እንዳይሸት ያጥበዋል።»

«ስመኘው? ስመኘው ይደፋል?»

«የመጀመሪያው ቀን ከፍቶ መልሶ ከደነው። እኔ ነኝ የደፋሁለት።» ዓይኗን ጠረገች። «የኔንም አብሬ ደፋሁ። እሱ እየደፋ እኔ ብጠጣ ነውር መሰለኝ።»

ሊያትስ ብዬ ጠየቅኋት። ታውቃለች። በማግስቱ ነው የነገራት። ማንቆርቆሪያውን ግን ለራሷ ለአያለች «ያን ቀን ስላልተለየሽኝ ነው» ብሎ ሰጣት። ደግሞም «እቤት ካስገባሁት ሌላ ሥር ትጨምርልኛለች» ብሎ ፈርቷል። ይህን ስትነግረኝ ልትስቅ ፈለገች፤ እኔን አይታ ተወችው።

ወረድሁ። በሩን አልዘጋሁትም፤ እንደ ነበረ ተውሁት።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ትናንት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ነገርሁት። ማወቄን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

«ሴት ይሻለኝ ነበር» አልኩት። «ሴት ቢሆን አንዷን ነበር የምጠላው። አሁን ማንን ልጥላ? ባሌንም፣ እህቴንም፣ ልጄንም፣ የገዛ እጄንም?»

«የሰጠሽኝን አልፈልግም ማለት አልቻልሁም» አለ።

«ብለህ ነበር እኮ። በየቀኑ። ለመታጠቢያው።»

ሊያት ደግሞ በስልክ፣ «ኢማ፣ ሎ ናኢም ነበር» አለችኝ። ሎ ናኢም። እኛ ይሉኝታ የምንለውን እነሱ እንዲህ አሳጥረው ይናገሩታል። ይሉኝታ ነው አያቷን ጫማቸው ላይ የጣለ፤ «ደህና ነኝ» እያሉ። ይህን ነገርኳትና ስልኩን ዘጋሁባት።

ቀኑን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ጠብታ የማያባክን ሰው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ያፈላሁትን። አንድ ቀን አይደለም። ወር። እኔ ደግሞ ታጥቦ የመጣውን ባዶ ዕቃ በብርሃን እያየሁ ስመካ። «ክዳኑን ክደኑት» እያልሁ ስጽፍ ቤቴ ውስጥ ሁሉም ሲከድን ኖሯል፤ ክዳንና ክዳት ምን ያህል ጎረቤት እንደሆኑ ያየሁት አሁን ነው።

ሻጩ ትንሽ ብሎኝ ነበር። ታዲያ ትንሽ ስንት ነው? ማን ለክቶ ሰጠኝ? ስመኘው ራሱ «ይኼማ ሻይ ነው» ብሎ የለም? አያለችም ጠርጥራ ከነበር በሩ ላይ ከምትቆም ገብታ ለምን ጮኻ አልነገረችኝም? ነግራኛለች። ጮኻ ግን አልነገረችኝም።

እንዲህ ስቃጠል የነቲቮቷ ሴትዮ እናት ትዝ አሉኝ። ከመድኃኒቱ የሙሉሽ ሻይ ይሻለኛል ያሉት። ወዲያው ቢረሳው ዘንድ ደወልሁ።

«የበዓሉን አምድ አውጣው።»

«ኧረ ወይዘሮ ሙሉሽ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነው። ባልሽ ምስክር አይደለም እንዴ?»

«ምስክሩ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።»

«በቦታው ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ጻፍ። ደም ግፊት ያለባችሁ፣ የልብ ወይም የግፊት ክኒን የምትወስዱ፣ ሹሽ አትጠጡ። የጠጣችሁ ዛሬውኑ አቁማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ባለፈው በዚህ አምድ የተጻፈው ስሕተት ነው።»

«ስሕተት ነው ብቻ? ከየት እንደመጣ አልል?»

«ስሜን ከሥሩ አድርገው። ከዚያ በላይ ከእኔ አይወጣም።» ከዚያ ለነቲቮቷ ሴትዮ ደወልሁ። እናቷ ደህና ናቸው። ቢሆንም ዛሬውኑ ሐኪም እንድታሳያቸው አስማልኳት። ማስማል እኔም እችልበታለሁ።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

የፋሲካ ማታ አያለች አልመጣችም። በየዓመቱ ከእኛ ጋር ነበረች። ሊያት ከልጇ ጋር መጥታ አፌ እስኪከፈት ስትጠብቅ አመሸች፤ ስለ ቂጣው ብቻ አወራኋት።

ማንቆርቆሪያውን ጠዋት በሬ ላይ አገኘሁት፤ ከነሪባኑ። ወስጄ በሯ ላይ አስቀመጥሁት። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በሬ ላይ ነው። አሁን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የእሷ ተራ ይሁን የኔ አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮት ያልፋል።


እሑድ፣ ኤፕሪል 20

በዓሉ አለፈ፤ ሥራ ገቡ። ባለፈው ሐሙስ ከስመኘው ጋር እኔ ራሴ ኩፓ ሄድሁ። እሱ «ደህና ነኝ» ሊል ሲል እጄን አነሣሁ፤ ሁሉንም እኔ ተናገርሁ፣ ሹሹን ሳይቀር፣ እፍኙን ሳይቀር። ሐኪሙ ሳይቆጣ ሰማኝ። ከስንት ሰው ይሰማ ይሆናል። ክኒኑን በወግ ይውሰድ፤ ናና በልኩ ቢጠጣ አይከፋም አለ። በልኩ ማለት ስንት ነው አልኩት። አንድ ሁለት ኩባያ አለኝ። ጻፍሁት።

ዛሬ ጠዋት አፈላሁ። ናና ብቻ። ውሃው ከእሳት ወርዶ ትንሽ ተነፈሰ፤ ቅጠሉ ላይ ፈሰሰ፤ ተከደነ። ሰማያዊውን ብቻ ነው የሞላሁ። ቀዩ መደርደሪያው ላይ ነው። አላነሣሁትም፤ አልጣልሁትምም።

ሲቀበለኝ ክዳኑን ያዝሁበት።

«ከእንግዲህ ባዶ ፔርሙስ አላምንም» አልኩት። «ታጥቦ የመጣማ ጭራሽ። ጥቂት አስተርፈህ አምጣልኝ። እቀምሰዋለሁ።»

«ላስተርፍ?» አለኝ። ሌላ ቅጣት ብሰጠው ይሻለው ነበር።

«ካልፈለግኸው ደግሞ እፊቴ ደፍተህ አልፈልግም በለኝ። ከዚህ ሌላ አልጠይቅህም።»

አሁን መጣ። ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ኮቱን እንደለበሰ ቆመ። ከፈትሁት። አልታጠበም። ከታች ጉንጭ የሚሞላ ሻይ፣ ከጎኑ አንድ የናና ቅጠል ተለጥፎ። ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥሁትና ጠጣሁ። በርዷል። የኔው ነው።

ብርጭቆውን ስመልስ እሱ የሚያየው እኔን አይደለም፤ ብርጭቆውን ነው።

«ጠብታ አስቀረሽ» አለኝ።

ገፋሁለት። አንሥቶ ጨለጠው። ፔርሙሱን ይዞ ወደ ቧንቧው ሊሄድ ሲል ግን ከእጁ ወሰድሁበት። እኔ ነኝ ያጠብሁት።